ጽጌ ረዳና የቀን ዓይን

በሐዋሳ ከተማ፣ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ለሕዝብ የተደረገ የትምህርት ንግግር



በኦሪት ዘፍጥረት በሁለተኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ፈጣሪ የምድር አራዊትንና የሰማይ አዕዋፍን ወደ አዳም ባመጣቸው ጊዜ አዳም ለያንዳንዳቸው ስም አወጣላቸው፤ ስለ ዕፀዋትና ስለ አበቦች ስም ግን መጽሐፉ በዚያ ስፍራ የሚናገረው ነገር የለም። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር የሚታየኝ፣ አበቦችን የመሰየም ሥራ ለአዳም ልጆች፣ ለየነገዱና ለየቋንቋው የተተወ መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱም ሕዝብ በየሜዳውና በየተራራው ያገኘውን አበባ፣ አንዱ በዓይኑ እንዳየው፣ ሌላው በእጁ እንደ ተጠቀመበት፣ ሌላው ደግሞ ከሩቅ አገር ሰው እንደ ሰማው አድርጎ ሲሰይመው ኖሯል። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ከነዚህ ስሞች መካከል ሁለት ቃላት ተጋጥመው እንደ አንድ ስለሚነገሩት፣ ማለት ስለ ጥምር ስሞች ነው፤ ጥምር ስም ከነጠላው ስም ይልቅ ምስጢሩን የሚገልጥ ነውና፣ መጋጠሚያው ላይ ፈታ አድርጎ ለተመለከተው ሰው፣ አበባውን ማን፣ የት፣ በምንስ ምክንያት እንዳወቀው ይመሰክራል።

ይህንንም ነገር በመናኸሪያ መናገር ተገቢ ሆኖ ይታየኛል። ከሻሸመኔና ከዲላ፣ ከይርጋ ዓለምና ከወላይታ ሶዶ የሚመጣው መንገደኛ ዕቃውን ተሸክሞ በሚወርድበት በዚህ ሠፈር፣ ሲዳምኛው፣ ኦሮምኛው፣ ወላይትኛው፣ ጉራጊኛውና አማርኛው በአንድ ጊዜ ይሰማልና፣ የስሞችን መገናኘትና መለዋወጥ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ስፍራ መፈለግ አያስፈልግም።

ሁላችሁም ከምታውቋት አበባ ልጀምር። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ደጋውንና ወይና ደጋውን ወርቅ የምታለብሰው፣ ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ ከለምለም ሣር ጋር ይዘዋት የሚዞሩት፣ በደመራም ዕለት በምሰሶው ጫፍ የምትታሰረው ቢጫ አበባ፣ በአማርኛ ሁለት ስም አላት፤ አደይ አበባ ትባላለች፣ የመስቀል አበባም ትባላለች። ሁለቱም ጥምር ስሞች ናቸው። የኋለኛው ስም መልኳን፣ ሽታዋንም ሆነ ጥቅሟን አይናገርም፤ የሚናገረው ጊዜዋን ብቻ ነው። መስከረም 17 ቀን ለሚከበረው በዓል ደርሳ የምትፈነዳ ስለሆነች፣ ሕዝቡ አበባዪቱን በበዓሉ፣ በዓሉንም በአበባዪቱ ለይቶ ያውቃል፤ ስለዚህ ስሟ እንደ ባሕረ ሐሳብ ያለ የዘመን መቍጠሪያ ሆኖ ያገለግላል ማለት ይቻላል።

ስለ ኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ የጻፉ የውጭ አገር መንገደኞች ይህችኑ አበባ በቋንቋቸው ሲጠሩ መስቀል ዴይዚ አሏት። ይህ ጥምር ስም ለንግግሬ መነሻ የሆነኝ ነው፤ ከሁለቱ ቃላት አንዱ ሳይተረጐም፣ እንደ ወረደ፣ ከእኛ አፍ የተወሰደ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን መንገደኛው በሕፃንነቱ በአገሩ መስክ ላይ ሲለቅመው ያደገው አበባ ስም ነው። ሰው በባዕድ አገር የማያውቀውን ነገር ሲያገኝ፣ ከሚያውቀው ነገር ጋር አያይዞ መሰየም ልማዱ ነውና፣ እንግሊዛዊው አደይን ባየ ጊዜ የአገሩን ዴይዚ አስታወሰ፤ ሁለቱም መካከላቸው ክብ ነው፣ ዙሪያቸውንም ቅጠል ከቦአቸዋል። እንግዲህ ይህ ዴይዚ የተባለው ቃል ራሱ ምን እንደ ሆነ ብንመረምረው፣ ሌላ ጥምር ስም በውስጡ ተደብቆ እናገኛለን።

ዛሬ በአንድ ትንፋሽ ዴይዚ ተብሎ የሚነገረው ስም፣ ከሺህ ዓመት በፊት በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነበረ፤ ፍችውም የቀን ዓይን ማለት ነው። ምክንያቱ በአበባዪቱ ጠባይ ላይ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ሣር መካከል ዝቅ ብላ የምትበቅለው ይህች ነጭ አበባ፣ ፀሐይ ሲጠልቅ ቅጠሎቿን አጥፋ መካከሏን ትሸፍናለች፤ ጎሕ ሲቀድም መልሳ ትገልጣለች፤ ቢጫው መካከሏም በነጩ ሽፋሽፍት ተከቦ ሲገለጥ፣ ከእንቅልፍ የነቃ ዓይን ሆኖ ይታያል። ስሙን ያወጡት ሰዎች በመጽሐፍ ያልተማሩ እረኞችና ገበሬዎች መሆናቸውን እገምታለሁ፤ ማለዳ ተነሥቶ መንጋ ያሰማራ፣ ማታም የመለሰ ሰው ካልሆነ በቀር፣ አንዲት ትንሽ አበባ በቀን ሁለት ጊዜ የምታደርገውን ነገር አስተውሎ ለስም አያበቃውም። በ1400 እ.ኤ.አ. ያረፈው የእንግሊዞች ታላቅ ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰርም፣ ስለ ደጋግ ሴቶች በጻፈው ድርሰት መግቢያ ላይ ይህችን አበባ ከአበቦች ሁሉ አብልጦ እንደሚወዳት ከተናገረ በኋላ፣ የቀን ዓይን መባሏ የሚገባት መሆኑን አክሎ ይመሰክራል። ከእርሱ ዘመን ወዲህ ግን ሁለቱ ቃላት እየሟሸሹ ሄደው አንድ ሆነዋልና፣ ዛሬ ልጁን ዴይዚ ብሎ የሚጠራ እንግሊዛዊ ሁሉ ዓይን ማለቱ መሆኑን ያስተውላል ለማለት አልደፍርም።

ለእኛ ይህ አሰያየም እንግዳ አይደለም፤ ከምድር የሚፈልቀውን ምንጭ የውኃ ዓይን እንላለን፣ በምጣድ ላይ የበሰለውም እንጀራ ዓይን አወጣ ይባላል። አንድ አበባ ግን በሦስት አገር ሦስት ነገር ሆኖ መታየቱ ያስደንቃል፤ እንግሊዙ ዓይን ያላትን፣ ፈረንሳዊው ከግሪክ በተወሰደ ቃል ዕንቍ ሲላት፣ ጀርመናዊው የዝይ ትንሽ አበባ ይላታል። ዝይ የሚሰማራበት መስክ ላይ ስለምትበቅል ነው።

እንግዲህ መንገደኛው አደይን ዴይዚ ማለቱ ስሕተት ነው ወይስ ትክክል? የዕፀዋት ሊቃውንት ሲመልሱ፣ አንድ ዝርያ ባይሆኑም አንድ ቤተሰብ ናቸው ይላሉ። በሚመጣው መስከረም አንዲት አደይ አበባ ቀጥፋችሁ በመዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቷት። አንድ አበባ የምትመስለው በእውነቱ አንድ አይደለችም፤ መካከሏ ላይ ያለውን ክብ በጥፍራችሁ ፈልቅቃችሁ ብትለያዩት፣ እያንዳንዱ ቅንጣት የራሱ ቧንቧ፣ የራሱ ብናኝ፣ የራሱ ዘር መያዣ ያለው ሙሉ አበባ ሆኖ ይገኛል፤ በዙሪያው የተዘረጉት ስምንት ያህል ቢጫ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አበባ ናቸው። ይህ የአንድ ማኅበር አኗኗር የዚያ ሰፊ ቤተሰብ ሁሉ ምልክት ነው፤ የእንግሊዞቹ ዴይዚ፣ የእኛው ኑግና ሱፍ፣ ከልብስ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚለውም ጭጎጎት ከዚሁ ቤት ናቸው። ሊቃውንቱ ለአደይ የሰጡአት ስም ቢደንስ ማክሮፕቴራ የሚል ነው፤ ቢደንስ በላቲን ሁለት ጥርስ ያለው ማለት ሲሆን፣ ይህም በጭጎጎትና በመሰሎቹ ዘር ጫፍ ላይ ስላሉት ሹል ጥርሶች የተባለ ነው። እረኛው አበባዪቱን ፊት ለፊት ተመልክቶ ዓይን አላት፤ ሊቁ ዘሩን በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ ጥርስ አላት፤ የእኛ ሕዝብ ግን ቀኑን ቈጥሮ መስቀል አላት።

አሁን ወደ ቃላቱ አሰላለፍ ልመለስ፤ የነገሩ ምስጢር ያለው በዚህ ላይ ነውና ትንሽ ትዕግሥት እለምናችኋለሁ። በእንግሊዝኛው የቀን ዓይን፣ በአማርኛውም የመስቀል አበባ፣ የሚገልጸው ቃል ይቀድማል፣ የሚገለጸውም ይከተላል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ላለችው መንደር ያወጡት አዲስ አበባ የሚለው ስምም፣ መላዋን መናገሻ ከተማ የአበባ ጥምር ስም ያሸከመ ሲሆን፣ አሰላለፉ ይኸው ነው። በግዕዝ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በቅኔ ቤት የቈየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በግዕዝ ባለቤቱ ቀድሞ ዘርፉ ይከተላል፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ወርኃ ጽጌ፣ ማኅሌተ ጽጌ እንላለን እንጂ፣ እንደ አማርኛው የክርስቲያን ቤት፣ የጽጌ ወር አንልም። ስለዚህ በዛሬው አማርኛ ውስጥ ባለቤቱን አስቀድሞ ዘርፉን ያስከተለ ጥምር ስም ስናገኝ፣ ስሙ ከገበያና ከሜዳ ሳይሆን ከመጽሐፍ የመጣ መሆኑን ወዲያው እናውቃለን። ጽጌ ረዳ እንዲህ ያለ ስም ነው።

ጽጌ የሚለው ቃል ጸገየ፣ ማለት አበበ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ በግዕዝ ለአበባ ሁሉ የሚነገር ስም ነው። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት አርባ ቀናት በቤተ ክርስቲያናችን ወርኃ ጽጌ መባላቸውን፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷም በዚህ ጊዜ መታሰቡን፣ በትውፊት የአባ ጽጌ ብርሃንና የአባ ገብረ ማርያም ዘደብረ ሐንታ ድርሰት ነው የሚባለው ማኅሌተ ጽጌም በነዚሁ ሳምንታት ሌሊቱን ሙሉ መቆሙን ታውቃላችሁ። ቃሉ በኃምስ ፊደል የሚያልቅ በመሆኑም፣ ቤት ቤተ፣ ማኅሌት ማኅሌተ ሲሆን፣ ጽጌ ግን ሳይለወጥ ዘርፉን ይቀበላል። የሚከብደው ሁለተኛው ቃል፣ ረዳ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ረዳ ማለት እርዳታ ሰጠ ማለት ሆኖ ይሰማል፤ ስለዚህም ጽጌ ረዳን የምትረዳ አበባ ብሎ ለመፍታት ልብ ይቃጣል። ነገር ግን የመርዳት ግስ በግዕዝ ረድአ ተብሎ በአልፍ የሚጨርስ ሲሆን፣ በአበባዪቱ ስም ውስጥ ይህ አልፍ የለም። ከጀርመናዊው ሊቅ ከአውጉስት ዲልማን ጀምሮ የግዕዝን ቃላት የመረመሩ መምህራን፣ ቃሉ ከግሪክኛው ሮዶን፣ በብዙ ቍጥሩም ሮዳ፣ ከሚለው የተወሰደ መሆኑን አስረድተዋል። በሐዋርያት ሥራ በ12ኛው ምዕራፍ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ከወኅኒ ወጥቶ ደጅ በመታ ጊዜ ድምፁን የሰማችው ገረድ ሮዴ ትባል እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ፤ የእርሷም ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፣ እኛ ሴት ልጃችንን ጽጌረዳ እንደምንላት ማለት ነው።

የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲተረጐሙ፣ ተርጓሚዎቹ አስቸጋሪ ከሆኑባቸው ነገሮች አንዱ የዕፀዋትና የከበሩ ድንጋዮች ስም እንደ ነበረ የማያጠራጥር ነው። በሲራክ መጽሐፍ በ24ኛው ምዕራፍ፣ ጥበብ ራስዋን በኢያሪኮ ከተተከለ ጽጌ ረዳ ጋር ታመሳስላለች፤ በጥበብ መጽሐፍ በሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ፣ ተስፋ የሌላቸው ሰዎች ሳይጠወልግ አክሊል እናድርገው የሚሉት ይህንኑ አበባ ነው። ተርጓሚው በዚህ ቦታ ሲደርስ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይም የባዕዱን ቃል ብቻውን አስቀምጦ አንባቢውን በጨለማ መተው፣ ወይም ደግሞ አበባ ብሎ ብቻ ጽፎ የአበባውን ዓይነት ማስቀረት። እርሱ ግን ሁለቱንም ትቶ ሦስተኛውን መረጠ፤ የአገሩን ቃል አስቀድሞ፣ የእንግዳውንም ስም አስከትሎ፣ ረዳ የተባለው አበባ አለ። አንባቢው ረዳ ምን እንደ ሆነ ባያውቅ እንኳ አበባ መሆኑን ያውቃል፤ የሚያውቅም ቢኖር ዓይነቱን አያጣውም። መስቀል ዴይዚ ብሎ የሰየመው መንገደኛ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከእርሱ በፊት ሺህ ከሚበልጥ ዓመት በአክሱም ዘመን የተቀመጠው ሊቅ ግን፣ አበባዪቱን በአካል ሳያያት በመጽሐፍ ብቻ አግኝቶአት ይሆናል።

ይሆናል ማለቴ በምክንያት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ፣ ካርቲን ዲሎንና ፔቲ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች በትግራይና በአካባቢው እየተዘዋወሩ ዕፀዋት ሰብስበው ነበር፤ ሁለቱም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በዚሁ ጉዞ ሞቱ። የሰበሰቡትን የመረመረው የዕፀዋት ሊቅ አሺል ሪሻር፣ በትግራይ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ግቢ ተተክሎ የተገኘ አንድ ጽጌረዳ አይቶ፣ በቅዱስ ስፍራ በመገኘቱ ሮዛ ሳንክታ፣ ማለት ቅድስት ጽጌረዳ ብሎ ሰየመው፤ በኋላ ዘመን ግን ለእርሱው መታሰቢያ ሮዛ ሪቻርዲ ተባለ። ቅጠሉ አምስት ብቻ ነው፤ ቀለሙ ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ በዛሬው ገበያ እንደምናየው ተደራርቦ የተጠቀለለ አይደለም። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው የጥንተ ነገር ተመራማሪ ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብጽ በፋዩም አውራጃ ሐዋራ በተባለው ስፍራ ሲቈፍር፣ በሮማውያን ዘመን መቃብር ውስጥ ከሬሳ ጋር የተቀበረ የአበባ አክሊል አገኘ፤ ደርቆ የቀረውን አበባ የመረመረው ቤልጂጋዊው ሊቅ ክሬፓንም፣ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ከተገኘው ከዚያው ጽጌረዳ ጋር አንድ ነው ብሎ ፈረደ።

ይህን ያዩ ሊቃውንት፣ ተክሉ በ4ኛው መቶ ዓመት ከክርስትና ጋር፣ ምናልባትም በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን፣ ወደ አክሱም ምድር ሳይገባ አልቀረም ብለው ገምተዋል። ግምት ነው፤ ነገር ግን እኔ ስመዝነው ሚዛን የሚደፋ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ተክሉ የተገኘው በዱር ሳይሆን በደጀ ሰላም ነው፤ የስሙም መንገድ ከተክሉ መንገድ ጋር አንድ ነው፤ መጽሐፉ ከእስክንድርያ በኩል ከመጣ፣ የመጽሐፉ አበባ በዚያው በኩል መጥቶ በመጽሐፉ ቤት አጠገብ ቢተከል ምን ያስደንቃል?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ጽጌ ረዳ የሚለው ስም ከባሕር ማዶ ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ የጽጌረዳ ዘር በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በተፈጥሮው ይበቅል ነበር። ከ1900 እስከ 3300 ሜትር ከፍታ ባለው አገር፣ በወንዝ ዳርና በጫካ ጠርዝ፣ እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር የተቈለመመ፣ አበባው ነጭና መልካም መዓዛ ያለው፣ ፍሬውም ሲበስል ብርቱካንማ ቀይ የሚሆን ቍጥቋጦ አለ፤ ሕዝቡ ቀጋ ይለዋል፤ እረኞች ፍሬውን ይበሉታል፣ ገበሬውም ማሳውን ያጥርበታል። የእንግሊዙ የዕፀዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ስለ ጽጌረዳ ዓይነቶች ባሳተመው መጽሐፍ ሮዛ አቢሲኒካ፣ የሐበሻ ጽጌረዳ ብሎ ለዓለም አስታወቀው፤ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የሚበቅል ጽጌረዳም እርሱ ብቻ ነው ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ አገር አንዱን የአበባ ወገን በሁለት ስም ይዞ ኖሯል፤ በመጽሐፍ ጽጌ ረዳ፣ በዱር ቀጋ፤ ማኅሌታዊው በሌሊት ጽጌን ሲያወድስ ያድራል፣ የእርሱው ልጅ በማግስቱ የቀጋ እሾህ እየወጋው ፍሬ ይለቅማል። ቀጋ ነጠላ ቃል መሆኑም በከንቱ አይደለም፤ ሕዝብ በቤቱ ያለውን ነገር በአጭር ስም ይጠራዋል፣ ማብራሪያ የሚጨምርበት ለእንግዳው ነው።

ወደ ረዳ ስንመለስ፣ ከባዕድ ቋንቋ የመጣ ስም በአገሬው ጆሮ ሲሰማ መልኩን መለወጡ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። እዚህ በጕልት ገበያ እናቶች በትንንሽ እስር አድርገው የሚሸጡትን የጥብስ ቅጠል ተመልከቱ፤ እንግሊዞች ሮዝመሪ ይሉታል። የዛሬ እንግሊዛዊ ይህን ሲሰማ ጽጌረዳና ማርያም የሚሉ ሁለት ቃላት የተጋጠሙ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን በውስጡ ጽጌረዳም ማርያምም የሉበትም፤ ስሙ የላቲን ሲሆን የባሕር ጠል ማለት ነው፤ ተክሉ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ስለሚበቅል እንዲህ ተባለ፤ ላቲን የማያውቀው ሕዝብ ግን በሚያውቃቸው ሁለት ስሞች ጠግኖ ጠራው። እኛም ረዳን ስንሰማ እርዳታ የሚመስለን በዚሁ ምክንያት ነው። የእኛ ገበያ ለዚሁ ተክል ያወጣው ጥምር ስም ግን እጅግ ግልጽ ነው፤ ከባሕርም ከጠልም ሳይገናኝ፣ በቀጥታ ወደ ማእድ ቤት ይወስደናል።

ሱፍንም ሳላነሣ አላልፍም። አብዛኞቻችሁ ሱፍ ሲባል ትልቁን ቢጫ አበባ ታስባላችሁ፤ እንግሊዞችም በጥምር ስም የፀሐይ አበባ ይሉታል። ነገር ግን ይህ ተክል የአሜሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ ወደ አውሮጳ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ከእርሱ በፊት ሱፍ የሚለው ስም በአገራችን የሌላ ባለቤት ነበረው፤ በጾም ቀን የሱፍ ፍትፍት የሚሠራበት፣ እሾሃማውና ነጭ ዘር ያለው ተክል ነው። እንግዳው በመጣ ጊዜ ሕዝቡ የፈረንጅ ሱፍ አለውና ነባሩን ከመጤው ለየው፤ ዛሬ ግን መጤው በመስፋፋቱ የሱፍ አበባ፣ የሱፍ ዘይት እየተባለ ፈረንጅ የሚለው ቃል ከስሙ ላይ እየወደቀ፣ ነባሩም ከርስቱ እየተነቀለ ነው። ይህን ሳስብ አዝናለሁ፤ ቃሉ በወደቀ ጊዜ አብሮ የሚወድቀው፣ የትኛው ከእኛ ጋር እንደ ኖረና የትኛው በኋላ እንደ መጣ የሚናገረው ምስክር ነውና።

ከሐዋሳ ተነሥታችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ ሻሸመኔን አልፋችሁ ባቱ፣ የቀድሞው ዝዋይ፣ ትደርሳላችሁ። በሐይቁ አጠገብ እጅግ ሰፋፊ ሆነው በላስቲክ የተሸፈኑት ቤቶች ውስጥ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአውሮጳ ገበያ የሚላክ ጽጌረዳ ይበቅላል፤ ኢትዮጵያም ዛሬ ከኬንያ ቀጥላ ከአፍሪካ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ሆናለች። በዚያ የሚሠሩት ወጣቶች አበባውን ሮዝ ይሉታል። ይህ ሮዝ የላቲኑ ሮዛ ነው፤ የላቲኑ ሮዛና የግሪኩ ሮዶን ደግሞ፣ የዓረቡ ወርድና የአርመኑ ቫርድ ጭምር፣ ከጥንታዊት ፋርስ በኩል የመጡ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች መሆናቸውን የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። በሌላ አነጋገር በባቱ የአበባ እርሻ የሚሠራው ወጣት ሮዝ ሲል፣ በቤተ ክርስቲያን የሚቆመውም ደብተራ ጽጌ ረዳ ሲል፣ አንዱን ጥንታዊ ቃል በሁለት መንገድ ተቀብለው እየተናገሩት ነው፤ አንደኛው በአክሱም ብራና በኩል የደረሰ፣ ሁለተኛው በአውሮፕላን ጭነት ወረቀት በኩል የመጣ። ስለዚህ ሮዝ የሚለውን ወጣት ባዕድ ቃል ተናገርህ ብሎ የሚነቅፈው ሰው፣ ረዳም በዘመኑ ባዕድ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባዋል፤ ወጣቱም በበኩሉ፣ ሮዝ ካለ በኋላ ጽጌ ረዳን ቢረሳ፣ የገዛ አባቶቹ የሺህ አምስት መቶ ዓመት ሥራ ከእጁ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ክቡራን አድማጮቼ፣ ይህን ሁሉ የነገርኋችሁ ከመጻሕፍት ነው፤ ግዕዝና አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ግሪክኛ ስሞቻቸውን በመጻሕፍት አስፍረዋልና መከተል ይቻላል። በዙሪያችን ባሉት ኰረብቶች ላይ የሚነገሩት የአበባ ስሞች ግን፣ በሲዳምኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በጌዴኦኛም ሆነ በወላይትኛ፣ የሚበዙት እስካሁን በሽማግሌዎችና በባልቴቶች አፍ ላይ ብቻ ናቸው። ከነዚህም ስንቶቹ ጥምር ይሆኑ? አንዳንዱ የአንድን በዓል ወር፣ አንዳንዱ የአንድን በሽታ መድኃኒት፣ አንዳንዱም እንደ እንግሊዙ እረኛ ያለ አስተዋይ ሰው ማለዳ ማለዳ የተመለከተውን ነገር በውስጡ ይዞ ይሆናል።

ስለዚህ በተለይ ተማሪዎችንና መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር አለኝ። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ደብተር ያዙ፤ የአበባውን ስም በቋንቋው እንደሚነገር አድርጋችሁ ጻፉ፤ ስሙ ሁለት ቃል ከሆነ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ምን ማለት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ የሚያብብበትን ወር፣ የበቀለበትን ስፍራ፣ የነገራችሁንም ሰው ዕድሜ አብራችሁ አስፍሩ፤ ቅጠሉንና አበባውን በወረቀት መካከል አድርቃችሁ አያይዙበት፤ ስትመለሱም ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። ስትጠይቁም ከሁሉ በፊት በዕድሜ እጅግ ከገፉት ጀምሩ።